ፋየርዎል ምንድር ነው? ከሻንቶ ለደረሰን ጥያቄ

በዚህ ዓምድ ከየቤተሰቡ ለሚመጡልን ጥያቄዎች እንደየተራቸው መልስ እንሰጣለን። አብዛኛዎቹ ስለ ልጆች ትምህርት፣ ስለ ጤናና ስለ ቤት አያያዝ የሚጻፉ ናቸው። ባለፈው ጥር ከወላይታ፣ ከሻንቶ ከተማ የደረሰን ደብዳቤ ግን ከሌሎቹ የተለየ ሆኖ አገኘሁት። ጸሓፊው የአንድ ቤተሰብ አባት ናቸው። የጠየቁትም አጭር ነው፤ «ፋየርዎል የሚባለው ነገር ምንድር ነው? እርሱን ማጥፋትስ ምን ያህል ጥፋት ነው?» ይላል። ከጥያቄው በታች ግን ሁለት መሥመር ተጨምሮበታል። በዚህ ነገር ምክንያት የበኵር ልጃቸውን ከቤት ካስወጡት ሦስተኛ ወሩ መሆኑን ይናገራል።

እንዲህ ላለው ጥያቄ መጽሐፍ ገልጦ በሦስት መሥመር መልስ መስጠት አያዳግትም። ዳሩ ግን መልሱ በአንድ ልጅ ላይ የሚፈርድ ስለ ሆነ፣ ነገሩን ሳላይ መጻፍ አልወደድሁም። ስለዚህ ለሌላ ጉዳይ ወደ ሶዶ በሄድሁ ጊዜ እግረ መንገዴን ወደ ሻንቶ ዘለቅሁ።

ሻንቶ የዳሞት ፑላሳ ወረዳ መቀመጫ ናት። የጠያቂያችን ሥራ ቤት ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ዳር የቆመች የኮምፒዩተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ስትሆን፣ ሁለት ኮምፒዩተሮች፣ አንድ ማተሚያና አንድ የፎቶ ኮፒ መሣሪያ አሉባት። ማመልከቻ የሚያስጽፍ ገበሬ፣ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያስተይብ ተማሪ፣ ውል የሚዋዋል ነጋዴ፣ ሁሉም ወደዚያች ቤት ይመጣል። አባትየው ከዚህ ሌላ የሰፈሩ ዕድር ጸሓፊ ናቸውና፣ የዕድሩ መዝገብ በአንደኛው ኮምፒዩተር ውስጥ ይቀመጥ ነበር። ማን ከፈለ፣ ማን ዘገየ፣ ለማን ኀዘን ምን ያህል ወጣ፤ የስድስት ዓመት ሒሳብ ነው።

ባለፈው ጥቅምት አንድ ማለዳ ኮምፒዩተሮቹን ሲከፍቱ በውስጣቸው የነበረው ጽሑፍ ሁሉ ስሙ ተለውጦ፣ አልከፈት ብሎ ተገኘ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ማስታወቂያም ተቀምጧል። ጽሑፎቹ መቈለፋቸውን፣ መክፈቻውንም ለማግኘት ቢትኮይን በሚባለው የኮምፒዩተር ገንዘብ መክፈል እንደሚያስፈልግ ይናገራል። ይህን የመሰለው ተንኮል ራንሰምዌር ይባላል፤ የሰውን ጽሑፍ አግቶ ቤዛ መጠየቅ ነው። ከሶዶ የተጠራው ባለሙያ መሣሪያዎቹን ሲመረምር በመጀመሪያ ያየው ነገር በሁለቱም ላይ ፋየርዎሉ ጠፍቶ መገኘቱን ነበር። «ይህን ማን አጠፋው?» ተብሎ ሲጠየቅ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ልጅ ሳይሸሽግ «እኔ ነኝ» አለ። ከጓደኛው ጋር በሁለቱ ኮምፒዩተሮች ላይ ጨዋታ ሲጫወቱ መሣሪያዎቹ አልገናኝ ስላሏቸው ፋየርዎሉን አጥፍቶ፣ የአንዱንም ዲስክ ለሌላው ከፍቶ ነበርና፣ ጨዋታው ሲያልቅ እንደ ነበረ ሳይመልሰው ረስቶታል።

ከዚያ በኋላ የሆነው በደብዳቤው እንደ ተነገረን ነው። ልጁ ሶዶ ወዳለችው አክስቱ ሄደ። የዕድሩም አባላት ተሰብስበው እያንዳንዱ የከፈለውንና የቀረበትን ከማስታወስ እየተነሣ ይመሰክር ጀመር። ቃላቸው ያልተስማማ ጎረቤታሞችም አልጠፉም።

«ዘበኛውን አሰናብቶ ሌባ አስገባብኝ» አሉኝ አባትየው። የክሱ ቃል ይህ ነው። እንግዲህ ክሱ እውነት መሆኑን ለማወቅ፣ ይህ ዘበኛ ምን እንዲጠብቅ የቆመ እንደ ሆነ አስቀድሞ መመርመር ይገባል።

ፋየርዎል የሚለው ስም ከኮምፒዩተር በፊት የነበረ የግንበኞች ቃል ነው። ቤቶች ተጠጋግተው በሚሠሩበት ስፍራ እሳት ከአንዱ ወደ ሌላው እንዳይዛመት በመካከል የሚቆመው የማይቃጠል ግድግዳ በእንግሊዝኛ በዚህ ስም ይጠራል። እንደዚሁም በመኪና ሞተርና በተሳፋሪው መካከል ያለው የብረት ግድግዳ ይኸው ስም አለው። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ በመርካቶ ሸማ ተራ የደረሰውን ቃጠሎ ያየ ሰው፣ ሱቅ ከሱቅ ተያይዞ ሲሠራ እሳት እንደ ምን እንደሚሸጋገር ማስረጃ አያስፈልገውም። የኮምፒዩተር ሰዎችም የእነርሱን መሣሪያ ሲሠሩ ይህን ስም ተዋሱ።

ስሙ ግን በአንድ ነገር ያሳስታል። የግንበኛው ግድግዳ ምንም አያሳልፍም፤ ሥራውም ይኸው ነው። የኮምፒዩተሩ ፋየርዎል ግን ምንም የማያሳልፍ ቢሆን ኖሮ አያስፈልግም ነበር፤ ሽቦውን መንቀል ይበቃልና። እርሱ የሚፈለገው መልእክት እንዲያልፍና እንዳያልፍ በአንድነት ስለምንፈልግ ነው። ስለዚህ «የእሳት አጥር» እያሉ የሚተረጕሙት ሰዎች ቃሉን እንጂ ነገሩን የተረጐሙ አይመስለኝም።

እኔ ብጠየቅ ኬላ እለዋለሁ። ይህ ቃል ለወላይታ ሰው እንግዳ አይደለም። የቀድሞ ነገሥታት ያሠሯቸው የመከላከያ ካቦች በዚያ አገር ዛሬም ኬላ እየተባሉ ይጠራሉ፤ የንጉሥ አማዶ ኬላና የንጉሥ እጃጆ ኬላ በስም የታወቁ ናቸው። ከኦሞ ወንዝ ማዶ በዳውሮ ምድርም ያለ ጭቃና ያለ ኖራ በደረቅ ድንጋይ የተካበው የንጉሥ ሃላላ ኬላ አለ። ካብ ብቻ ሆኖ በር የሌለው ኬላ ግን አገርን ያስርባል፤ ነጋዴው፣ መልእክተኛው፣ አማቹ ሁሉ መግባትና መውጣት አለበት። ኋላም በአማርኛ ኬላ ስንል የምናስበው ካቡን ሳይሆን በመንገድ ላይ የተዘረጋውን ገመድና በአጠገቡ ቆሞ «ወዴት ነህ? የያዝኸው ምንድር ነው?» የሚለውን ጠባቂ ነው። የፋየርዎል ነገር በሙሉ በዚህ ሥዕል ውስጥ አለ።

እንግዲህ ትርጕሙን እንዲህ ብዬ ላስቀምጠው። ፋየርዎል ማለት እርስ በርሳቸው የማይተማመኑ ሁለት መረቦች በሚገናኙበት በር ላይ ቆሞ፣ አስቀድሞ በተጻፈለት ሕግ መሠረት፣ በመካከላቸው ከሚመላለሰው መልእክት የተፈቀደውን የሚያሳልፍ፣ ያልተፈቀደውን የሚከለክል መሣሪያ ወይም ፕሮግራም ነው። መሣሪያ ወይም ፕሮግራም ማለቴ፣ በትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ራሱን የቻለ ሣጥን ሆኖ ስለሚቆም፣ በሻንቶው ቤት እንዳሉት ባሉ ኮምፒዩተሮች ላይ ደግሞ በውስጥ ተጽፎ ስለሚገኝ ነው። በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለው ፋየርዎል አንዱን ኮምፒዩተር እንደ አንድ አገር ቈጥሮ፣ ከእርሱ ውጭ ያለውን ሁሉ እንደ ባዕድ ያያል፤ ጎን ለጎን ያለውን የቤቱን ሁለተኛ ኮምፒዩተር ጭምር። ይህችን ነገር አንባቢ ያስታውስልኝ፤ ኋላ እንመለስባታለን።

ጠባቂው መልእክቱን የሚያውቀው በምንድር ነው? በኢንተርኔት የሚላክ ነገር ሁሉ፣ ፎቶግራፍም ይሁን ደብዳቤ፣ በትናንሽ ጥቅሎች ተከፋፍሎ ይሄዳል። በእያንዳንዱ ጥቅል ላይ እንደ ፖስታ የላኪው አድራሻ፣ የተቀባዩ አድራሻና የሚገባበት በር ቍጥር ተጽፏል። በአንድ አድራሻ ላይ 65,536 የሚሆኑ ቍጥር የተሰጣቸው በሮች አሉ፤ ፖርት ይሏቸዋል። ከእነዚህ መካከል ምሥጢርነቱ በተጠበቀ መንገድ የሚነበብ ድረ ገጽ በ443 ይገባል፤ በዊንዶውስ ኮምፒዩተሮች መካከል ጽሑፍ የመጋሪያው በር 445 ነው፤ ኮምፒዩተርን ከሩቅ ሆኖ የማዘዣው 3389 ነው። የጠባቂውም ሕግ በጠባዩ ቀላል ነው። «ከዚህ አድራሻ የመጣ፣ በዚህ ቍጥር በር የሚገባ፣ ይለፍ» ወይም «አይለፍ» ይላል። ብዙውን ጊዜ ጠባቂው ሕጉን ከላይ ወደ ታች እያነበበ የመጀመሪያውን የሚስማማ አንቀጽ ሲያገኝ እንደዚያው ያደርጋል።

ከሁሉ የምትበልጠው ግን የመጨረሻዋ አንቀጽ ናት። ስሙ ያልተጠራ እንግዳ ሲመጣ ምን ይደረግ? «ያልተከለከለ ሁሉ የተፈቀደ ነው» የሚል ሕግ ይቻላል፤ «ያልተፈቀደ ሁሉ የተከለከለ ነው» የሚልም ይቻላል። በመጀመሪያው የምንገዛ ከሆነ በዓለም ያለውን ክፉ ሁሉ አስቀድመን በስም ማወቅ ይጠበቅብናል፤ ይህም አይቻልም። ስለዚህ ጠንቃቃ ሰዎች ሁለተኛውን ይመርጣሉ። ጭንቅ ያለበት አሠራር ነው፤ በየጊዜው «ይህን ለምን ከለከልኸኝ?» የሚል የቤት ሰው አይጠፋም። የሻንቶው ልጅና ጓደኛው የገጠማቸውም ይኸው ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ፋየርዎሎች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980ዎቹ መጨረሻ ሲሠሩ የፖስታውን ሽፋን ብቻ የሚያነቡ ነበሩ። በዚያው ዘመን፣ በኅዳር 1988፣ ሮበርት ሞሪስ የሚባል የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የለቀቀው ራሱን የሚያባዛ ፕሮግራም በጥቂት ሰዓታት ውስጥ በሺህ የሚቈጠሩ ኮምፒዩተሮችን አሽመደመደ። ቍጥራቸው ወደ 6,000 ይገመት ነበር። እስከዚያ ጊዜ ድረስ ኢንተርኔት እርስ በርሳቸው የሚተዋወቁ የምሁራን ሰፈር ስለ ነበር በሩን የሚዘጋ ጥቂት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ኬላ የሚያቆመው በረከተ። ሞሪስ በፍርድ ቤት ተቀጥቶ፣ ኋላ ራሱ በታላቅ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር መምህር ሆኗል። ይህን ለአባትየው ሳጫውታቸው ዝም ብለው አዳመጡኝ፤ ነገሩ ወደ ልጃቸው እንደሚያዘነብል ሳይገባቸው አልቀረም።

ሽፋን ብቻ የሚያነብ ጠባቂ አንድ ችግር አለበት። በውስጥ ያለ ሰው ወደ ውጭ ደብዳቤ ልኮ መልስ ሲመጣለት፣ ጠባቂው መልሱን ከባዕድ እንደ መጣ አዲስ እንግዳ ቈጥሮ ይከለክላል፤ ወይም መልስ እንዲገባ ብሎ በሩን ለሁሉ ክፍት ይተወዋል። ይህን ያቃናው የኋለኛው ዓይነት ነው፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1994 ቼክ ፖይንት የሚባለው የእስራኤል ኩባንያ ለገበያ አውጥቶ ያስፋፋው። ይህ ጠባቂ ማስታወሻ ይዟል። ጧት ከግቢው ወደ ገበያ የወጣውን ሰው ስም ይጽፋል፤ ማታ ሲመለስ «አንተ የዚህ ቤት ሰው ነህ፤ ግባ» ይለዋል። ስሙ በማስታወሻው የሌለውን ግን «ማን ጠራህ?» ብሎ ይመልሰዋል። ዛሬ በቤታችሁ ያለው የኢንተርኔት ማከፋፈያ፣ ራውተር የምትሉት፣ እንዲሁም በኮምፒዩተራችሁ ውስጥ ያለው ፋየርዎል የሚሠራው በዚህ አኳኋን ነው። ከዚህም አልፎ ጥቅሉን ከፍቶ ውስጡን የሚመረምር ዓይነት አለ፤ በብዛት የሚገኘው በባንኮችና በትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ነው። ዳሩ ግን ዛሬ አብዛኛው መልእክት ታሽጎ ስለሚሄድ ለእርሱም ቢሆን ሥራው ቀላል አይደለም።

ይህ ጠባቂ ሲኖርና ሳይኖር ያለውን ልዩነት ለማየት የ2009 ዓ.ም. የግንቦት ወርን ማስታወስ ይበቃል። ዋናክራይ የተባለው ቤዛ ጠያቂ ፕሮግራም በዚያ ወር በ150 ያህል አገሮች ከ200,000 በላይ ኮምፒዩተሮችን ቈለፈ። በእንግሊዝ አገር ሆስፒታሎች ቀዶ ሕክምና እስከ መሰረዝና በሽተኛ እስከ መመለስ ደረሱ። ያ ፕሮግራም ማንም ሳይጋብዘው፣ ቀደም ብለን በጠቀስነው በ445ኛው በር በኩል በራሱ ይገባ ነበር። ማይክሮሶፍት የጉድለቱን መድኀኒት ከሁለት ወር በፊት አውጥቶ ነበር፤ ብዙዎች ግን አልወሰዱትም። ይህን በር ወደ ውጭ ዘግቶ የሚጠብቅ ፋየርዎል የነበራቸው ግን ከውጭ በዚያ መንገድ አልገባባቸውም። ዊንዶውስ በሚሠራባቸው ኮምፒዩተሮች ላይ ይህ ጠባቂ ማንም ሳይጠይቀው በርቶ መምጣት የጀመረው በነሐሴ 1996 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት ተኝቶ ይመጣ ነበር።

በአገራችንም የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ፣ የዛሬው አስተዳደር፣ በሰኔ 2012 ዓ.ም. ከግብፅ የተነሡ ቡድኖች በመንግሥትና በሌሎች ድርጅቶች ድረ ገጾች ላይ ያደረጉትን ጥቃት መመከቱን አስታውቆ ነበር። የታላቁ የሕዳሴ ግድብ የመጀመሪያ ሙሌት ሊጀመር የተቃረበበት ጊዜ ነበርና ምክንያቱ አልተሰወረም።

አሁን ደግሞ ጠባቂው የማይችለውን እንናገር፤ ትርጕሙ የሚሟላው በዚህ ነውና። ኬላ የሚፈትሸው በኬላው የሚያልፈውን ብቻ ነው። በሌላ መንገድ ዞሮ የገባውን አያይም። ከውስጥ የተነሣውንም አያውቅም። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች፣ አብዛኛዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ በአንድ ሌሊት ከሒሳባቸው በላይ ወደ 800 ሚሊዮን ብር የሚሆን ገንዘብ ማውጣታቸውና ማዘዋወራቸው ሲሰማ፣ «ባንኩ በኮምፒዩተር ሌባ ተደፈረ» ተብሎ ነበር። ባንኩ ግን ከውጭ የመጣ ጥቃት እንዳልነበረ፣ ነገሩ የራሱን አሠራር ሲያሻሽል የተፈጠረ ስሕተት መሆኑን ገለጸ። በዓለም ያለ ፋየርዎል ሁሉ ቢቆም ያን ገንዘብ አይመልሰውም ነበር፤ የወጣው በተፈቀደው በር፣ በተፈቀደው ሰው እጅ ነውና። «ከባንክ ነው የምንደውለው» ብሎ የምሥጢር ቍጥር ለሚጠይቅ አታላይ ቍጥሩን የሚነግር ሰውም እንደዚሁ ነው። ጠባቂው ሰውና ሰው በስልክ የሚነጋገሩትን አይሰማም።

እዚህ ላይ ከመንገዴ ትንሽ ልውጣ። ጠባቂው የታዘዘውን እንጂ መልካሙን አይመርጥም ብያለሁ። ያው አሠራር በአገር በር ላይ ሲቆም፣ ሕጉን የሚጽፈው አካል ማን ነው የሚለው ጥያቄ ከቤት ጉዳይነት ያልፋል። በየካቲት 2015 ዓ.ም. በቤተ ክርስቲያናችን ላይ ፈተና በመጣበት ወቅት ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በአገሪቱ ተዘግተው አምስት ወር ያህል መቆየታቸውን ምእመናን አይረሱትም። ከዚያ ቀደም በሰኔ 2010 ዓ.ም. መንግሥት ከ200 የሚበልጡ የተዘጉ ድረ ገጾችንና የብዙኃን መገናኛዎችን መክፈቱን ሲያስታውቅ፣ ተዘግተው የነበሩ መሆናቸውም ተረጋግጧል። ብዙ ወጣቶች በ2015 መዘጋቱን ያለፉት ቪፒኤን በሚባለው መንገድ ነው፤ ደብዳቤውን በሌላ ፖስታ ውስጥ አሽጎ፣ በላዩ የሌላ አገር አድራሻ ጽፎ መላክ ማለት ነው። ጠባቂው የላይኛውን ፖስታ አይቶ ያሳልፋል። እንደ እኔ አሳብ፣ ለቤት የሚጻፍ ሕግ ለቤተሰቡ እንደሚነገር፣ ለአገር የሚጻፈውም ለሕዝቡ ሊነገር፣ በምን ምክንያትና እስከ መቼ እንደ ሆነም ሊገለጽ ይገባል።

ወደ ሻንቶ እንመለስ። ይህን ሁሉ ለአባትየው ካስረዳሁ በኋላ አንድ ጥያቄ አቀረብሁላቸው። በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለው ጠባቂ በርቶ ሲገኝ በልማዱ ከውጭ ሳይጠራ የሚመጣውን ይከለክላል፤ ከውስጥ ወደ ውጭ የሚሄደውን ግን በብዛት ይፈቅዳል። ስለዚህ ክፉው ፕሮግራም በሰው እጅ ተይዞ ገብቶ ከሆነ፣ ፋየርዎሉ ቢበራም ባይበራም የዕድሩ መዝገብ ከመቈለፍ አይድንም ነበር። «በዚያ ሰሞን በፍላሽ የመጣ አዲስ ፕሮግራም አስገብተው ነበርን?» አልኋቸው።

ወዲያው አልመለሱልኝም። ጥቂት ቆይተው ግን አንድ ደንበኛ የሠርግ ጥሪ ወረቀት ማስዋቢያ ፕሮግራም «ያለ ክፍያ የሚሠራ ነው» ብሎ በፍላሽ አምጥቶላቸው እንደ ነበር ነገሩኝ። ሲያስገቡት ኮምፒዩተሩ አስጠንቅቋቸው ነበር፤ እርሳቸው ግን ሥራ ተደራርቦባቸው ስለ ነበር «ይፈቀድ» የሚለውን ተጫኑ። በመመለሴ ሶዶ ላይ ባለሙያውን አግኝቼ ጠየቅሁት። ሲመረምር የጻፈውን ማስታወሻ ገልጦ አሳየኝ። የመጀመሪያው የተቈለፈ ጽሑፍ ሰዓት ያ ፕሮግራም ከገባበት ሰዓት ጋር የተቀራረበ ነው፤ ቀኑም ልጁ ትምህርት ቤት ፈተና ላይ የዋለበት ቀን ነበር። ባለሙያው ይህን ቀድሞ ያልተናገረው ማንም ስላልጠየቀው ነው። «ፋየርዎሉ ጠፍቷል አልኋቸው፤ በፋየርዎሉ ገባ ግን አላልሁም» አለኝ።

ሆኖም ልጁን ፈጽሞ ነጻ ማውጣት እውነት አይሆንም። የዕድሩ መዝገብ የነበረው ፕሮግራሙ በገባበት በአንደኛው ኮምፒዩተር ላይ ነው፤ እርሱ የጠፋው በአባትየው እጅ ነው። የተማሪዎቹ የመመረቂያ ጽሑፍ የነበረው ግን በሁለተኛው ነው። ወደዚያኛው ጥፋቱ የተሻገረው ልጁ ለጨዋታ ብሎ በከፈተው የመጋሪያ በር በኩል ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ጠባቂ ቆሞ፣ በሩም ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ ቃጠሎው በአንደኛው ቤት በቀረ ነበር። ቀደም ብዬ አንባቢ ያስታውስልኝ ያልኋት ይህች ናት፤ የግንበኞቹም የጥንት ቃል እዚህ ላይ ትክክል ሆኖ አገኘሁት።

ይህን ሁሉ በደብዳቤ ጽፌ ላክሁላቸው። የማጥፋት ጥፋቱ ምን ያህል ነው ላሉትም፣ ልጁ ዘበኛውን ማሰናበቱ እውነት እንደ ሆነ፣ የዕድሩን መዝገብ የቈለፈውን ሌባ ያስገባው ግን እርሱ እንዳልሆነ ገለጽሁላቸው። በሦስተኛው ሳምንት መልስ ደረሰኝ። አባትየው ራሳቸው ወደ ሶዶ ሄደው ልጃቸውን አምጥተዋል። ምን እንደ ተባባሉ አልጻፉልኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ለዕድሩም ሰዎች በተሰበሰቡበት ተነሥተው ነገሩ እንደ ምን እንደ ሆነ ተናግረዋል። መዝገቡ እስካሁን አልተከፈተም። ቤዛውንም አልከፈሉም፤ ለከፈለ ሁሉ መክፈቻው እንደማይሰጥ ባለሙያው ስለ ነገራቸው ነው። ሒሳቡ እንደገና በደብተር ተጽፏል። በኮምፒዩተር የሚጻፈውም በየሳምንቱ ወደ ሌላ ዲስክ እየተገለበጠ፣ ዲስኩ ከኮምፒዩተሩ ተነቅሎ በባለቤታቸው ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል።

በሁለቱም ኮምፒዩተሮች ላይ ፋየርዎሉ በርቷል። ልጁ አሁንም ከጓደኛው ጋር መጫወቱን አልተወም፤ ነገር ግን ጠባቂውን ማሰናበት እንደማያስፈልግ፣ ለዚያ ጨዋታ ብቻ የምታገለግል አንዲት የፈቃድ አንቀጽ በሕጉ ላይ መጨመር እንደሚቻል ባለሙያው አስተምሮታል። አንቀጹን ሲጽፍ አባቱ አጠገቡ ተቀምጠው የበሩን ቍጥር በደብተራቸው መዝግበዋል።